ከግቢዎ ሳይወጡ የሞተር ጎማ መቀየር

ወላይታ ሶዶ ተቀምጦ ሞተር የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መንገድ ይረግጣል። ከግቢው ሲወጣ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ ሲታጠፍ ደግሞ ቀይ አፈር። ኮብልስቶን ደረቅ ሲሆን ያንገጫግጫል እንጂ አይከዳም፤ ካፊያ ሲያርፍበት ግን ያንሸራትታል። ቀዩ አፈር በጥር አቧራ፣ በሐምሌ ጭቃ ነው። ጭቃው በጎማው ጥርስ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ባለጥርሱን ጎማ ከመቅጽበት መላጣ ያደርገዋል። በሁምቦ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው አስፋልት ላይ ደግሞ ሙቀቱና ፍጥነቱ ተባብረው የኋላውን ጎማ መሃል ለመሃል ይበሉታል።

ሶዶ ውስጥ ጎበዝ ጎሚስታ ሞልቷል። ጎማ የሚተነፍሰው ግን ጎሚስታው በር ላይ አይደለም። ኪንዶ ኮይሻ ወይም ኪንዶ ዲዳዬ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሰው በሌለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊመሽ ሲል። በእረፍት ቀኑ፣ በገዛ ግቢው፣ ቡናው እየተፈላ አንድ ጊዜ ጎማ የቀየረ ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ አይደነግጥም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰዓት እንዲሆንዎ ነው።

በዋናነት የማወራው ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆነ ሞተር ይዞ ለሥራ ለሚመላለስ ሰው ነው፤ ለግብርና ባለሙያው፣ ለጤና ሠራተኛው፣ ለመምህሩ፣ ሰው አመላልሶ ለሚያድረው ወጣት። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ረጅም ጉዞ የሚጓዙት የትልልቅ ሞተሮች ባለቤቶች ‹‹ስፖርት ቱሪንግ›› የሚባል ጎማ ይጠቀማሉ። ሚሽሊን፣ ፒሬሊ፣ ሜትዘለር፣ ብሪጅስቶን ይሠሩታል። ብዙዎቹ ጎማዎች መሃላቸው ጠንከር ካለ ላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ቀጥ ባለ መንገድ ቶሎ አያልቁም፤ ዳርና ዳራቸው ለስለስ ስለሚል ደግሞ ሞተሩ በኩርባ ሲያዘነብል መንገዱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። በትንሹ ሞተራችን ልክ እንዲህ ያለ ጎማ ማግኘት ይከብዳል። ፍላጎታችን ግን አንድ ነው፤ ሩቅ የሚያደርስና ዝናብ ላይ የማይከዳ ጎማ።

ጊዜው መድረሱን ማወቅ

ክብሪት ይያዙ። የአንዱ እንጨት ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጎማው መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ያጋድሙት። እንጨቱ ከጥርሱ በላይ ብቅ ካለ ጎማው አብቅቶለታል፤ አሁኑኑ ባይፈነዳም ክረምቱን ማለፍ የለበትም። በጎማው ጎን ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ‹‹ቲ ደብሊው አይ›› የሚል የላቲን ፊደል ያያሉ። በዚያ ትይዩ ቦዩ ውስጥ ከፍ ያለች እብጠት አለች። ጥርሱ ከእሷ ጋር እኩል ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ጥርሱ ደህና ሆኖም ጎማ ያረጃል። ጎኑን በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ይለጥጡት። እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ላስቲኩ ሞቷል። ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ጊዜ በላዩ ላይ ያሉት ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ ያልረገፉ ጎማ ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ጎኑ መሰንጠቅ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ሳነብ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ሱቁ ውስጥ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ተሰቅሎ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀኝ።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። በጎማው ጎን ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ 2011 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ ወይም ሰኔ ሲገባ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ከተሠራ አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ አዲስ ነው ብለው አይግዙ፤ ሞተርዎ ላይ ያለው አምስት ዓመት ከሞላው ደግሞ በየዓመቱ በጥንቃቄ ያስመርምሩት። ባለሱቁ ቁጥሩን ሲያነቡ ፊቱ ቢጠቁር ግድ አይስጥዎ። ገንዘቡም አጥንቱም የእርስዎ ነው።

ምን ዓይነት ጎማ?

ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በወረቀት ይያዙ፤ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ስንት ኪሎ ሜትር አፈር ነዳሁ? ሰው ሲጠየቅ ‹‹እኔማ ገጠር ነው የምውለው›› ይላል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ይናገራል። ወደ አረካና ሆሳዕና፣ በቦዲቲ በኩል ወደ ሀላባና ሻሸመኔ፣ በሁምቦ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው ሁሉ አስፋልት ነው። የገጠር ሠራተኛ ነኝ የሚለው ሰው እንኳ የቀኑን አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው በእነዚህ ላይ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው አስፋልት ከሆነ የተቀራረበ ጥርስ ያለው፣ ውኃ የሚያስወጡ ረጃጅም ቦዮች ያሉት የመንገድ ጎማ ይግዙ። አብዛኛው አፈር ከሆነ፣ በተለይ ከኦፋ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ ገጠር የማይወጡ ከሆነ፣ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ጎማ ያስፈልግዎታል፤ በጥርሶቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ካለ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋዋል። ለዚህ የሚከፍሉት ዋጋ አለ። እንዲህ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል፣ ይጮኻል፣ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲይዙ ይሸሻል።

ግማሽ በግማሽ ለሆነው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ምርጫዬ መካከለኛው ነው፤ መሃሉ ላይ የተያያዘ፣ ወደ ዳር ሲሄድ የሚከፋፈል ጥርስ ያለው። በጭቃ ሳይሆን በአስፋልት በኩል ትንሽ አድልተው ይምረጡ ብዬ እመክራለሁ። ጭቃ ላይ የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው፤ ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል። አስፋልት ላይ የሚወድቀው ከአይሱዙ ፊት ነው።

ሰዎች የኋላውን ብቻ ባለጥርስ አድርገው የፊቱን መላጣ ሲተዉት አያለሁ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የኋላ ጎማ ሲሸሽ ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ለማረምም ጊዜ ያገኛሉ። የፊቱ ሲሸሽ ግን ምንም ጊዜ የለም። የኋላው ቶሎ ስለሚበላ ፊቱ አንዴ ሲቀየር እሱ ሁለቴ ሊቀየር ይችላል፤ ያ ጤናማ ነው። ፊቱን መርሳት ግን አደጋ ነው።

ልኩን ከአሮጌው ጎማ ጎን ላይ ገልብጠው ወደ ሱቅ ይሂዱ። 3.00-18 ካለ ስፋቱ 3 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ ቁመቱ 18 ኢንች ነው። በትልቅ ሞተር ላይ 120/70-17 ብሎ ካገኙት ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። 17ና 18 በዓይን አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ግን በጭራሽ አይገባም። ጎማው ‹‹ቢሰፋ ይሻላል›› ብሎ ከልክ በላይ የወፈረ መግዛትም ጥፋት ነው፤ ሰንሰለቱን ወይም ፓራፋንጎውን ይነካል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ነው እምብዛም ሰው የማያያት፤ ለእኛ አገር ሸክም ግን ዋናዋ እሷ ናት። 47 ካለ ጎማው 175 ኪሎ ይሸከማል፣ 52 ካለ 200 ኪሎ። ከጎኗ ያለችው ፊደል ፍጥነትን ትናገራለች፤ ‹‹ፒ›› በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። አሁን እንደምር። ሞተሩ 110 ኪሎ፣ እርስዎ 65፣ ከኋላ የተፈናጠጠው 60፣ አንድ ማዳበሪያ ዝንጅብል 50፤ ድምሩ 285 ኪሎ ነው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው፣ 190 ኪሎ፣ የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው። 47 የሚል ጎማ ያጠለቀ ሞተር እዚህ ላይ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፤ ምናልባት ዛሬ አይፈነዳ ይሆናል፣ ግን ይግላል፣ ጎኑ ይደክማል። ጭነት የሚጭኑ ከሆነ 52 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይጠይቁ።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ያለው ሞተር በአብዛኛው ከመነዳሪ ይፈልጋል። ቸርኬው ድፍን ቅይጥ ብረት ከሆነ ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቸርኬውም ጎማውም ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ጎማ ሲቀይሩ ከመነዳሪውንም አብረው ይቀይሩ። አሮጌ ከመነዳሪ ተለጥጦ ስለሰፋ በአዲስ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈበትም ይቀደዳል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል፤ ጫፋቸው ክብና ለስላሳ የሆነ። ካቻቢቴ አይሆንም። በካቻቢቴ ጎማ ያወጣ ሰው ከመነዳሪውን እየበሳ ነው የሚያወጣው። ለዳዶዎቹ የሚሆኑ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ የእግር ወይም የእጅ መንፊያ፣ የአየር መለኪያ። በውኃ የሟሟ ሳሙና በጣሳ። ናፍጣም ሆነ የሞተር ዘይት አይጠቀሙ፤ ላስቲክ ይበላሉ፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ እንዲሽከረከር ያደርጋሉ። አንድ ሰፊ ኬሻ፣ ቢገኝ ደግሞ አሮጌ የመኪና ጎማ፤ እሱ ላይ ቸርኬውን ሲያጋድሙ መሃሉ መሬት አይነካም። ለከመነዳሪው የሚሆን የሕፃን ፓውደር።

የእነዚህን ነገሮች ስም ሳስብ ይገርመኛል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ጎሚስታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ ናቸው። ከመነዳሪ ‹‹የአየር ክፍል›› ከሚል ሁለት ቃል አንድ ሆኖ የቀረ ነው። አያቶቻችን ቃሉን ከነሙያው ወስደው የራሳቸው አድርገውታል።

አዲሱን ጎማ ከሥራው በፊት አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያጋድሙት። የሞቀ ጎማ ይታዘዛል፣ የሶዶ ማለዳ ያቀዘቀዘው ግን እንደ እንጨት ይገትራል።

ከሞተሩ ላይ ማውረድ

የኋላውን እናውርድ፤ የፊቱ ከዚህ ይቀላል። ሞተሩ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ የኋላውን ፔርኖ፣ ማለትም የጎማውን ዘንግ፣ የያዘውን ትልቅ ዳዶ ያላሉት። ሞተሩ ካባሌቶ ላይ ከወጣ በኋላ በኃይል ከታገሉት ይወድቅብዎታል። ዳዶው ከላላ በኋላ በካባሌቶው ያቁሙት፣ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ።

የፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን ዳዶ በጣትዎ አዙረው ያውጡ። የፍሬኑን ሳህን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት ይፍቱ። የሰንሰለት ማስተካከያዎቹ ግራና ቀኝ በስንተኛው ጭረት ላይ እንዳሉ ይመልከቱ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ፔርኖውን እየገፉ ይሳቡ። ሲወጣ ከግራና ከቀኝ አጫጭር ቱቦዎችና ሮንዴላዎች ይወድቃሉ፤ በወጡበት ቅደም ተከተል ኬሻው ላይ ይደርድሯቸው፣ ሰንሰለቱንም ከጎማው ያላቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው፤ የቀኙን ቱቦ በግራ አስገብቶ ጎማው ፍሬኑን እየፋቀ ይሄዳል።

ጎማው በእጅዎ ሳለ ጣትዎን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብተው ያዙሩት። ከቆረቆረ ወይም ከተወዛወዘ እሱም የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። የፍሬን ሸራውን ውፍረት ይመልከቱ። በታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍዎ አይንፉት፤ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የቸርኬው ቦይ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንይ። የጎማ መቀየር ምሥጢሩ ሁሉ አንድ ቦታ ነው ያለው።

ባዶ ቸርኬ ከጎን ይመልከቱ። የውጭ ገጽታው እኩል አይደለም። ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ መሃሉ ዝቅ ያለ ቦይ ነው፤ እንደ ውኃ መውረጃ ዙሪያውን ይዞራል። አሁን የጎማውን ከንፈር በጣትዎ ይጫኑ። በውስጡ የብረት ሽቦ አለ። ሽቦው አይለጠጥም፣ በጉልበትም አይሰፋም። ከንፈሩ ደግሞ ከቸርኬው ጠርዝ ያነሰ ነው። ታዲያ እንዴት ይወጣል? በአንድ በኩል ከንፈሩን ወደ ቦዩ ዝቅ ሲያደርጉት በሌላው በኩል ትርፍ ይገኛል፤ በዚያ ትርፍ ጠርዙን ያልፋል። አልጋ በጠባብ በር የሚወጣው ሲያጋድሉት እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። በሩን ማስፋት አያስፈልግም።

ይህን ሳላውቅ በሌ አካባቢ አንድ ከሰዓት ሙሉ ታግዬአለሁ። ብረቱ ጎበጠ፣ ከመነዳሪውን ሁለት ጊዜ ቆነጠጥኩት። የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ጎሚስታ የነበሩ፣ ቆመው አዩኝና ‹‹ልጄ፣ ጉልበትህን ከብረቱ ላይ አንሣና ጉልበትህን ጎማው ላይ አሳርፍ›› አሉኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ተቃራኒውን ወገን ወደ ቦዩ ስጫነው ጎማው በሁለት ጣት ኃይል ወጣ።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። መጀመሪያ አየሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ የቫልቩን ውስጠኛ መርፌም ይፍቱት። ቫልቩን ከቸርኬው ጋር የያዘችውን ቀጭን ዳዶ ያውጡ። ቸርኬውን አጋድመው በጫማዎ ተረከዝ የጎማውን ጎን ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ይርገጡ፤ ከንፈሩ ከተጣበቀበት ‹‹ቷ›› ብሎ ይለቃል። ዙሪያውን ይርገጡ፣ ይገልብጡ፣ በሌላውም በኩል ይድገሙ። ሳሙናውን ይቀቡ።

ከቫልቩ በኩል ይጀምሩ። ከቫልቩ ትይዩ ያለውን ወገን በሁለት ጉልበትዎ ወደ ቦዩ ይጫኑ፣ እዚያው ይቆዩ። የመጀመሪያውን ብረት ከከንፈሩ ሥር ያስገቡ፤ ጠለቅ አያድርጉት፣ ከሥሩ ከመነዳሪው አለ። ያንሡት፣ በእግርዎ ይያዙት። ሁለተኛውን ብረት ከመጀመሪያው ሦስት ወይም አራት ጣት ርቀው ያስገቡ። ስስት አይኑር፤ አንድ ስንዝር አልፎ የሚያስገባ ሰው ከሽቦው ጋር ይጣላል። ከሁለትና ሦስት ንክሻ በኋላ ቀሪው በእጅ ይወጣል። ከከበደዎት ብረቱን አይጫኑት፣ ጉልበትዎ ያለበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ከንፈሩ ከቦዩ ወጥቷል ማለት ነው።

ከመነዳሪውን ስበው ያውጡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ከንፈር በዚያው በአንድ ወገን ያውጡት።

አዲሱን ማስገባት

ያንኑ አሮጌ ጎማ የሚመልሱ ከሆነ ከማስገባትዎ በፊት እጅዎን በውስጡ ቀስ አድርገው ያሽከርክሩ። አሮጌው ጎማ በእሾህ ተበስቶ ከሆነ እሾሁን ያግኙት። ወደ አባያ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ የግራር እሾህ ጎማውን ያልፋል፣ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል፣ በውጭ አይታይም። የቸርኬውን ቦይ ይጥረጉ፣ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት ይፋቁ፣ ብቅ ያለ የሽቦ ጫፍ ካለ ያስተካክሉ። የሽቦ ጫፎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ከተቀደደ ይለውጡት፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ መሥራት ይቻላል።

በጎማው ጎን ላይ ቀስት አለ። ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው የሚዞርበትን ያሳያል። እንዲሁም ትንሽ የቀለም ነጥብ ካለ ቀላሉ ጎኑ እዚያ ስለሆነ ልክ ከቫልቩ አጠገብ ያድርጉት።

የመጀመሪያውን ከንፈር በሳሙና ቀብተው በእጅ ይግፉት፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ብረት ይገባል። ከመነዳሪውን ፓውደር ቀብተው ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ በጥቂቱ ይንፉት። ባዶ ሆኖ ከገባ ይታጠፋል፣ ብዙ ከተነፋ ደግሞ ብረቱ ይቆነጥጠዋል። ቫልቩን በቀዳዳው ያውጡ፣ ዳዶውን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ያስይዙት።

ሁለተኛውን ከንፈር የሚጀምሩት ከቫልቩ ትይዩ ሆነው ነው፤ ሲያወጡ ከቫልቩ ነበር የጀመሩት፣ ሲያስገቡ በቫልቩ ይጨርሳሉ። ተቃራኒውን ወገን ወደ ቦዩ ተጭነው ግራና ቀኝ በእኩል ይምጡ። የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ትከብዳለች። ትዕግሥትዎ የሚያልቀው እዚያ ነው፣ ከመነዳሪም የሚቀደደው እዚያ ነው። ቆም ይበሉ፣ ሳሙና ይጨምሩ፣ ጉልበትዎን ወደ ቦዩ ይመልሱ። ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፣ ከመነዳሪው ከከንፈሩ ሥር እንዲርቅ። ከዚያ ትናንሽ ንክሻ።

አሁን ይንፉ። በጎማው ጎን ላይ፣ ከቸርኬው ጠርዝ በላይ፣ ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን መስመር አለ። በየትኛውም ቦታ ከጠርዙ እኩል መራቅ አለበት። በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ከገባ ከንፈሩ አልተቀመጠም፤ አየሩን አውጥተው፣ ሳሙና ቀብተው፣ መሬት ላይ እያነጠሩ እንደገና ይንፉ። በጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አያልፉ፤ የጎማ ፍንዳታ ጣት ይወስዳል። ከተስተካከለ በኋላ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያተንፍሱትና ዳግመኛ ይንፉት፤ የታጠፈ ከመነዳሪ ካለ ይፈታል።

የቫልቩን ዳዶ ከቸርኬው ጋር አያጥብቁት። ከቆቡ ሥር ይተዉት። ጎማው በጉዞ ላይ ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ቫልቩ ያዘነብላል፣ እርስዎም አይተው ያውቃሉ። ዳዶው ጠብቆ ከታሰረ ግን ማዘንበሉ አይታይም፣ ቫልቩ ከሥሩ ይነቀላል።

የትልቅ ሞተር ቲዩብለስ ጎማ ላይ ምክሬ ሌላ ነው። ቦዩም ከንፈሩም ያው ናቸው፤ ግን ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ በእግር አይለቅም፣ በእጅ መንፊያም ከንፈሩ አይቀመጥም። ቸርኬውን ከሞተሩ ላይ ቤትዎ ያውርዱ፣ ጎማውን ግን ኮምፕረሰር ላለው ጎሚስታ ይውሰዱ፤ ሲሠራም አጠገቡ ይቁሙ። በዚያ ፍጥነት ለሚሄድ ሞተር ሚዛን ማስለካትም ግዴታ ነው።

መመለስና አየር

ሰንሰለቱን አስገብተው፣ ፔርኖውን በሮንዴላና በቱቦዎቹ አሳልፈው፣ ማስተካከያዎቹን ወደ ፎቶው ጭረት ይመልሱ። የሰንሰለቱ መሃል በጣት ሲገፋ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። የፍሬኑን ሳህን የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት አይርሱ፤ እሱ ተረስቶ የወጣ ሞተር በመጀመሪያው ፍሬን ሳህኑ ይዞርና ጎማው ይቆለፋል። ትልቁን ዳዶ ሲያጠብቁ ሌላ ሰው የኋላውን ፍሬን ረግጦ ይያዝልዎ፤ የፍሬን ሸራው በታምቡሩ መሃል ይቀመጣል።

የአየሩ ልክ በሰንሰለት ሽፋኑ ወይም በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ፊት 25፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይለኩ። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ። ሲወርዱ የውጭው አየር ስለሚወፍር መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ያሳያል፤ ቆላው በ10 ዲግሪ ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ፒኤስአይ በላይ ይመልሳል። ሁለቱ ይጣጣማሉ፣ ሊጨነቁበት አይገባም። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ሲደርሱ ጎማው ከዚያም በላይ ጠንክሮ ቢያገኙት የጉዞው ግለት ነው። አያተንፍሱት። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል፣ ጎድሎም የተነዳ ጎማ ነው ከመነዳሪ የሚያኝከው።

ጭቃ ሲበዛ ከልኩ ሦስት አራት ፒኤስአይ መቀነስ ይረዳል። አስፋልት ሲደርሱ ግን መልሰው ይንፉ፣ መንፊያ ካልያዙም መጀመሪያውኑ አይቀንሱ።

አዲስ ጎማ ያንሸራትታል። የፋብሪካው ቅባት እስኪለቅ የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር በለሰለሰ እጅ ይንዱ፤ በኩርባ ላይ ቀስ በቀስ ማዘንበልን ይጨምሩ፣ ጠንካራ ፍሬን አይያዙ። ጎማ የሚገዙበትን ጊዜ መምረጥ ከቻሉ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ መንገዱ ሲጠነክር ሳይሆን በግንቦት ይግዙ፤ የጎማው ጥርስ ሙሉ ሆኖ ነው ክረምቱን መቀበል ያለበት፣ ሰኔ ከመግባቱም በፊት ቅባቱ ለቆ ይጠብቃል።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ነገር ይመልከቱ። አየሩ ባለበት አለ ወይ? የቫልቩ አፍ ላይ ምራቅ ሲያደርጉ አረፋ ይወጣል ወይ? ቫልቩ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ አዘንብሏል? ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ትልቁን ዳዶ አንድ ጊዜ በቁልፍ ይፈትሹት። አሮጌው ከመነዳሪ ያልተበሳ ከሆነ አጥፈው ከሁለቱ ብረቶችና ከትንሿ መንፊያ ጋር በኬሻ ቁራጭ ጠቅልለው መቀመጫው ሥር ያስሩት። የተበሳው ከሆነ በሁለት ጣት ስፋት ይቆራርጡት፤ ዝንጅብሉን ለማሰር ከገመድ ይሻላል።